የጦና ጆሮ

እንቅልፍ እንቢ ብሎኛል፣ ይበለኝ። ከሌሊት ፈረቃ ወጥቼ ጋደም ካልኩ ሦስት ሰዓት ሊሞላኝ ነው፣ ጥቁሩን መጋረጃ እስከ ታች ስቤዋለሁ፣ ስልኬን ገልብጬዋለሁ፣ ዓይኔን ጨፍኜ እንደ ልጅ እየቆጠርኩ ነው፣ ግን እኔ ቆጠራ ስጀምር መቶ ላይ አልደርስም፣ ሰባት ላይ ስደርስ ተመልሼ አንድ እላለሁ፣ ይሄ የይልቃል ሥራ ነው፣ ከጎጃም ተመድቦ ሶዶ ፊዚክስ ሊያስተምር መጥቶ ማታ ማታ የባንዳችንን ቤዝ ጊታር የሚጫወት ሰውዬ፣ ሰው ሁሉ በአራት በሚያጨበጭብበት አገር በሰባት ያልተቆጠረ ሙዚቃ ሙዚቃ አይደለም ብሎ ያሳመነን። እዚህ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ሊሆን ነው፣ ሶዶ ስድስት ሰዓት ሊሆን ነው፣ ቅዳሜ ነው፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ልጆቹ መድረክ ይወጣሉ፣ ያለ እኔ፣ ያለ ኤሌክትሪክ፣ እኔ ደግሞ እናቴ ስሟን እስከ ዛሬ ልትይዘው ባልቻለች የጀርመን ከተማ ውስጥ ተጋድሜ ጣሪያ አያለሁ። ዝምታው ነው መሰለኝ የሚያስቸግረኝ። እዚህ ሕንፃ ውስጥ ዝምታ ሕግ ነው፣ ደረጃው ሥር በፕላስቲክ ተሸፍኖ ተለጥፏል፣ ከስንት እስከ ስንት ሰዓት ሚስማር እንደማይመታ፣ እሁድ ልብስ ማጠቢያው እንደማይነሳ፣ አንድ ቀን ጊታሬን ከምንም ጋር ሳላገናኘው በባዶው ክሩን ስነካካ የታችኛው ፎቅ ሽማግሌ በካልሲያቸው ወጥተው መጡና በትህትና፣ በጣም በትህትና፣ ወረቀቱን በጣታቸው አሳዩኝ። ይቅርታ ጠየቅኩ። ይቅርታ እዚህ ቀላል ነው፣ ቃሉ አጭር ነው፣ ለማላውቀው ሰው በቀን አሥር ጊዜ እለዋለሁ፣ ለማውቀው ሰው ግን ይኸው አራት ዓመት ከአፌ አልወጣም።

ባንዳችን ወፍጮ ይባላል። ስሙን ያወጣችው ሃይማኖት ናት፣ ዘፋኛችን፣ የምንለማመደው በድራም መቺያችን በጦና አባት ወፍጮ ቤት ውስጥ ስለነበር ሌላ ስም ፍለጋ ምን ያደክመናል አለች። ከገበያው በታች ያለችው ባለ ቆርቆሮ ቤት ናት፣ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ የመጨረሻው በቆሎ ተፈጭቶ ሲወጣ ጋሽ ኤርካሎ ቁልፉን ለልጃቸው ሰጥተው ወደ ቤት ይሄዳሉ፣ እኛ ዱቄቱን እንጠርግና ሽቦ እንዘረጋለን፣ ጦና ድራሙ ላይ፣ ይልቃል ቤዝ፣ እኔ ሊድ ጊታር፣ ሃይማኖት ማይክራፎኗን በነጠላዋ ጫፍ ጠቅልላ፣ ምክንያቱም ይነዝራል። ከዚያ ቤቱ ይንቀጠቀጣል። ሮክ ነው የምንጫወተው፣ ከባዱን፣ ረጅሙን፣ አንድ ዘፈን ውስጥ አምስት ቦታ ምቱ የሚቀያየረውን፣ ማን ይሰማናል ብለን እንዳልጀመርን ይልቃልን ብትጠይቁት ይምላል፣ ማንም አልሰማንም ማለት ግን አይደለም፣ አንድ ማታ ለምምዳችንን ጨርሰን በሩን ስንከፍት አንዲት ከሻንቶ የመጡ እናት አንድ ማዳበሪያ በቆሎ ደጃፉ ላይ አስቀምጠው ተቀምጠዋል፣ ወፍጮው እየሠራ መስሏቸው ወረፋ ይዘው፣ ሁለት ሰዓት ሙሉ። ጦና ማዳበሪያቸውን ተሸክሞ ገባ፣ ሞተሩን አስነሳና ፈጨላቸው። እኛ ግን ለወር ያህል ሳቅን። አሁን ሳስበው ያች ሴትዮ ናት በትክክል የሰማችን፣ ድምፁ ከወፍጮ የሚለይ አይደለም ብላ የፈረደች።

ሃይማኖት የደወለችው ትናንት ነው፣ ልክ ለሥራ ጫማዬን ሳስር። የምትቸኩል ሰው ናት፣ ነርስ ስለሆነች ይሆናል፣ ሰላምታዋን እንኳ እንደ መርፌ ቶሎ ወግታ ታወጣዋለች። የጦናን ጆሮ አስቀድማ ነግራኛለች፣ ባለፈው ክረምት፣ ግራው ጭራሽ እንደማይሰማ፣ ቀኙም ውስጥ ሌት ተቀን ፉጨት እንዳለ፣ ሐዋሳ ያየው ዶክተር ከዚህ በኋላ ጩኸት ውስጥ ከገባህ ቀኙንም ትቀብረዋለህ እንዳለው። ባንዱ ሊበተን ነው ብዬ ነበር። ይልቃል ሌላ ድራም መቺ ይፈለግ ወይ ብሎ ጠይቆ ነበር አሉ፣ በጥያቄ ብቻ፣ ሃይማኖት ግን የምንቀንሰው ድምፁን ነው እንጂ እሱን አይደለም ብላ ነገሩን ዘጋችው። ስለዚህ ኤሌክትሪኩ ቀረ። እሷ ቦክስ ጊታር ያዘች፣ ይልቃል ክራር ተማረ፣ የፊዚክስ ሰው ክራር ሲቃኝ ስንት ሰዓት እንደሚፈጅ እግዜር ነው የሚያውቀው፣ ጦና ደግሞ ድራሙን ሸጦ የዱቄት ሳጥን ገልብጦ ላዩ ላይ ተቀምጦ በመዳፉ ይመታል፣ በጆሮው ያጣውን በመቀመጫው ይሰማል አለች እየሳቀች፣ ከዚያ ሳቋን አቆመች። ትናንት ታዲያ የፈለገችው ሁለት ነገር ነው። አንደኛው ፈቃድ፣ ዳሞታ የሚለውን፣ በተራራችን ስም የሠራሁትን ዘፈኔን፣ አሥራ ስምንት ደቂቃ የሚፈጀውን፣ ወደ ስድስት ደቂቃ አሳጥረው ሊጫወቱት። ሁለተኛው ድምፄ፣ ዘፈኑ ከመጀመሩ በፊት ለታዳሚው የሚሰማ አንድ ደቂቃ ንግግር፣ ባንዱ ለምን ጩኸቱን እንደተወ፣ የጦናን ነገር፣ አንተ ከሩቅ ስትናገረው ያምራል አለች። ከዚያ ልትዘጋ ስትል፣ እንደ ዋዛ፣ ስለ ወፍጮው ግን እንዳታነሳ፣ ጋሽ ኤርካሎ ከሰሙ ይብስባቸዋል አለችኝ።

ምኑ ነው የሚብስባቸው ብዬ ጠየቅኩ። ባልጠየቅኩ። ጋሽ ኤርካሎ የልጄን ጆሮ የበላው ወፍጮዬ ነው ብለው አምነዋል። ከስድስት ዓመቱ ጀምሮ ሞተሩ ሥር ነው ያሳደግኩት፣ እናቱ ከሞተች በኋላ የሚይዝልኝ ሰው ጠፍቶ ማዳበሪያ ላይ አስተኛው ነበር፣ አደነቆርኩት እያሉ፣ ለንስሐ አባታቸው ተናዘዙ። ቄሱ ይሄ ድህነት ነው እንጂ ኃጢአት አይደለም አሏቸው፣ እሳቸው ግን ለምነው፣ አስቸግረው፣ ቀኖና ተቀበሉ፣ በየጠዋቱ አርባ ስግደት፣ ለአርባ ቀን። አርባው ቀን ሲያልቅ ገና ነኝ ብለው እንደገና ጀመሩ። ይሄ ሦስተኛው ዙር ነው፣ ጉልበታቸው አብጧል፣ በበዓልና በቅዳሜና እሁድ ብቻ ነው የሚያርፉት፣ ልጃቸው ሲጫወት ሊያዩም አይመጡም፣ በምን ዓይኔ ይላሉ። ሃይማኖት ይሄን ሁሉ በግማሽ ደቂቃ ነገረችኝና ታካሚ ጠራኝ ብላ ዘጋች። እኔም ሁለተኛውን ጫማዬን አሰርኩና ወደ ሥራ ሄድኩ፣ ሌላ ምን አደርጋለሁ፣ አውቶቡሱ ደቂቃ አይጠብቅም።

አውቶቡሱ ውስጥ የላከችልኝን ቅጂ ሰማሁት። ዳሞታን። እኔ የሠራሁት ተራራው እየከበደ፣ እየከበደ፣ ጫፉ ላይ የሚወድቅበትን ነው፣ ጊታሬ መጨረሻ ላይ ለአራት ደቂቃ ይጮኻል፣ ሰው ጆሮውን ይዞ እስኪወጣ፣ ወጥቶም ያውቃል። የነሱ ግን በእጅ ሳጥን ላይ ይጀምራል፣ ሰባቱ አለ፣ ግን ሰባት መሆኑ አይታወቅም፣ ዳገት የሚወጣ ሰው እርምጃ ነው የሚመስለው፣ አንዷን እርምጃ ለትንፋሽ የሚያሳልፍ፣ ክራሩ ይገባል፣ ከዚያ ሃይማኖት። አምስት ዓመት ያን ዘፈን ከኋላዋ ቆሜ ተጫውቻለሁ፣ ቃላቷን ትናንት ነው የሰማሁት፣ አባቱን ተራራ ላይ ጥሎ ስለወረደ ልጅ ነው የምትዘፍነው፣ ግጥሙን እሷ እንደጻፈችው እንኳ ረስቼዋለሁ። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ከፋኝ። ያለ እኔ ያምራል፣ እውነቱ ይሄ ነው፣ እኔ ስቀነስ ነው ያማረው፣ እንዲያ እያልኩ ወረድኩ፣ ካርዴን አስነበብኩ፣ ጆሮ መድፈኛዬን ከግድግዳው ሳጥን ወሰድኩ።

እዚህ ጆሮ መድፈኛ ነፃ ነው። ቢጫ፣ ለስላሳ፣ በጣት አድቦልቡለህ ስትከተው ውስጥ ገብቶ ያብጣል። ብረት የሚቀጠቅጥ ማሽን ላይ ነው የምሠራው፣ አንድ ቀን ሳላደርገው ተገኝቼ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ደርሶኛል፣ በሁለት ገጽ፣ በአንቀጽ ተከፋፍሎ፣ እናቴ ቢሮ የምሠራ ስለሚመስላት ደብዳቤ ጻፉልኝ ስላት እግዚአብሔር ያክብራቸው አለች። በዓመት አንድ ጊዜ ደግሞ የጆሮ ምርመራ ቀጠሮ አለ፣ ቴርሚን እንለዋለን እዚህ ያለን ልጆች ሁሉ፣ ቀጠሮ ካልን የምንቀርበት ይመስለናል፣ ቴርሚን ግን አይቀርም። የመጀመሪያው ጊዜ አንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ አስገቡኝ፣ በሯ ሲዘጋ የገዛ ደሜን እሰማለሁ፣ ድምፅ ስትሰማ ቁልፉን ተጫን ተባልኩ፣ ተጫንኩ፣ ከዚያ ለረጅም ጊዜ ምንም የለም፣ ፈራሁና ዝም ብዬ ተጫንኩ። የመረመረችኝ ሴትዮ ወረቀቱን አሳየችኝ፣ መስመሩ ቀጥ ብሎ ይሄድና ጫፉ ላይ ይወድቃል። ውስጡ ያለው ነገር አንዴ ከሞተ አይመለስም አለች፣ ጆሮ አይለምድም፣ ይሞታል እንጂ፣ ሰዎች ለመድኩት የሚሉት ሲሞት ነው። ከዚህ በፊት ጩኸት ያለበት ቦታ ሠርተሃል ወይ ብላ ጠየቀችኝ። አልሠራሁም አልኩ። ቅጹ ላይም አልሠራሁም የሚለው ላይ ምልክት አደረግኩ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ይላሉ። ለማላውቃት ሴት ምን ብዬ ነው የምነግራት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጋሽ ኤርካሎ ለልጃቸው በየጠዋቱ ጥጥ ይሰጡታል፣ ሁለት ቁራጭ፣ በምላሳቸው ጫፍ አርጥበው ያድቦለቦሉት፣ የወፍጮ ቤት ሰው ሁሉ እንደዚያ ነው የሚያደርገው፣ ራሱን ከዱቄቱ ለመከላከል በጨርቅ ይጠመጥማል፣ ጥጡ ከጨርቁ ሥር አይታይም። ቀን ሲፈጭ ይውላል፣ ጥጡ አለ። ማታ እኛ ስንመጣ ጨርቁን ይፈታል፣ ድራሙ ላይ ይቀመጣል፣ ጥጡ አለ። እና ይዘገያል። ብዙ አይደለም፣ የዓይን ጥቅሻ ታህል፣ ምቱ በአሥራ አንድ የሚቆጠርበት ቦታ ላይ እኔን ይጠብቀኛል፣ ስለማይሰማኝ እጄን አይቶ ነው የሚገባው። ስለዚህ ጥጡን አውጣው አልኩት። አባባ ይቆጣሉ አለኝ። አባባ ድራም አይመቱም አልኩት፣ ሁሉም ሳቁ፣ እሱም ሳቀ። አወጣው። እጁ ላይ ይዞት ሲቸገር ተቀበልኩትና በሩ አጠገብ ያለችው ሚዛን ላይ አስቀመጥኩት። በሚቀጥለው ማታ ረስቶ ሊጀምር ሲል ሳይወጣ አንጀምርም አልኩ። ከዚያ ልማድ ሆነ፣ እኔ እጄን እዘረጋለሁ፣ እሱ አውጥቶ ይሰጠኛል፣ እንደ አስተማሪና እንደ ተማሪ፣ እኔ ሚዛኑ ላይ አኖራለሁ። ሁለት ዓመት። የኔ አምፕሊፋየር የት ነበር የሚቆመው፣ ከጦና በስተግራ፣ ክንድ በማይሞላ ርቀት፣ የወፍጮው ሞተር ደግሞ በቀኙ ነው፣ ዕድሜውን ሙሉ በቀኙ ነው፣ የሞተው ግራው ነው። ይሄን ለማወቅ ፊዚክስ አያስፈልግም። ይልቃል አስቦት ይሆናል፣ ዝም ብሏል፣ ሁላችንም ዝም ብለናል። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፣ የጦና ግን ከባለቤቱ ይልቅ እኔን ነው የሰማው።

ከአራት ዓመት በፊት ነው፣ መነኸሪያ ላይ ነኝ፣ ሻንጣዬ ጣሪያ ላይ ተጭኗል፣ ማስተርስ ልማር ነው የምሄደው፣ ያን ማስተርስ አልጨረስኩትም እሱን ተዉት፣ ጦና ሊሸኘኝ መጥቷል፣ ዱቄቱ ቅንድቡ ላይ አለ። ስለ ሙዚቃ አላወራንም፣ ስለ ብርዱ ነው የምናወራው፣ ሹፌሩ ጥሩምባ ሲነፋ ጠጋ ብሎ ግራ ጆሮዬ ውስጥ የሻይ ጀበና አለ አለኝ፣ ሲፈላ እንደሚያፏጨው፣ አያቆምም፣ ሌሊትም። ፈርቶ እንደነበር ያወቅኩት አሁን ነው፣ እሱ የሚፈራ ሰው አይመስልም ነበር፣ ትከሻው ሰፊ ነው። ትከሻውን መታ አድርጌ ይለምዳል አልኩት፣ ጆሮ ይለምዳል። ከዚያ ወጣሁ። ከመስኮቱ እጄን አወዛወዝኩ፣ እሱ አላወዛወዘም፣ ጭንቅላቱን ወደ አንድ ጎን አዘንብሎ ቆሟል፣ በዚያ በኩል ውሃ እንደገባበት ሰው። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም፣ አያቴ ይሄን ስትል ስለ ሐሜት ይመስለኝ ነበር።

ዛሬ ጠዋት ከሥራ እንደመጣሁ ለሃይማኖት ድምፅ ልቅዳ ብዬ ሞከርኩ። ሦስት ጊዜ። በመጀመሪያው ውድ የሶዶ ሙዚቃ አፍቃሪዎች አልኩና የራሴን ድምፅ ስሰማ አጠፋሁት። በሁለተኛው ጓደኛችን ጦና በሥራ ምክንያት ጉዳት ደርሶበት አልኩ፣ በሥራ ምክንያት፣ እንደ ፋብሪካው ደብዳቤ፣ የማን ሥራ እንደሆነ የማይናገር። በሦስተኛው ዝም ብዬ አርባ ሰከንድ ተነፈስኩ። እውነቱን ለሦስት መቶ ሰው ብናገር ያምር ይሆናል፣ ሰዎች ያጨበጭቡልኝ ይሆናል፣ ደፋር ነው ይሉኛል፣ ግን ጋሽ ኤርካሎ እዚያ አይኖሩም፣ ወፍጮ ቤታቸው ነው የሚሆኑት፣ ሰኞ ጠዋት ደግሞ አርባ ጊዜ ይሰግዳሉ፣ ስለ እኔ፣ እኔ እዚህ ተጋድሜ። ይሄ ነው እንቅልፌን የወሰደው፣ አልጋው ላይ የሚያገላብጠኝ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፣ ቢሉም ባይሉም እሳቸው ሰባ ሊሞላቸው ነው፣ የእሳቸው ጉልበት እኔ እስክጠራ አይጠብቅም። ለጦናስ ብነግረው፣ ጦና ያውቃል፣ የሚያውቀውን ሰው ምን እነግረዋለሁ። የማያውቁት አንድ ሰው ናቸው። ስልኬን ገለበጥኩት። ስድስት ሰዓት ሆኗል እዚያ። ቁጥራቸው አለኝ፣ ለገና ለገና እደውልላቸዋለሁ፣ አንዴም ከሁለት ደቂቃ በላይ አውርተን አናውቅም።

ወዲያው አነሱት። ወፍጮው ይጮኻል፣ ቅዳሜ ነው፣ ሴቶች ይንጫጫሉ፣ ማነው ማነው ይላሉ፣ ትንሳኤ ነኝ ስል የጀርመኑ፣ ቆይ ልውጣ አሉኝና ጩኸቱ እየራቀ እየራቀ ሄደ፣ ከኋላ ካለችው ግድግዳ ሥር ተቀምጠው ይታዩኛል። ጤናዬን ጠየቁ፣ በረዶውን ጠየቁ፣ የእናቴን ደኅንነት እሳቸው ለእኔ ነገሩኝ፣ ባለፈው ሳምንት ገበያ ላይ አግኝተዋታል። አላገባህም ወይ አሉ። አላገባሁም አልኩ። ከዚያ የሚጠየቅ ነገር አለቀና ዝም አልን፣ እኔም በዚያች ዝምታ ውስጥ ካልገባሁ መቼም አልገባም ብዬ ገባሁ።

«አባባ፣ ጦናን የጎዳው ወፍጮው አይደለም። እኔ ነኝ።»

ሳቁ። በስሱ፣ በአፍንጫቸው። ሃይማኖት ነግሮህ ነው አይደል አሉኝ፣ የእሳቸው አማርኛ ወንድና ሴት ብዙ አይለይም፣ ወላይትኛው ነው የሚያምርባቸው። ገባኝ ልጄ አሉኝ። ሽማግሌ ለማጽናናት ከዚያ ሁሉ አገር መደወልህ እግዚአብሔር ይይልህ፣ የእናትህ ልጅ ነህ፣ ዕድሜ ይስጥህ፣ በሰው አገር ሞገስ ይሁንህ፣ ረጅም ምርቃት ነው፣ ለእያንዳንዱ አሜን ማለት ስላለብኝ አሜን እያልኩ ነው፣ አፌ ለምዶ፣ ይታያችኋል፣ ልናዘዝ ገብቼ እየተመረቅኩ ነው።

«ግን ኃጢአቴን አትሻማኝ» አሉ መጨረሻ ላይ። «እሱ የእኔ ነው።»

እዚያ ላይ ልተወው እችል ነበር። ነግሬያቸዋለሁ፣ አላመኑኝም፣ ምን ላድርግ፣ ምርቃቴን ይዤ ተኝቼ ሌሊት ወደ ሥራ። ይሄን አሰብኩ፣ እውነቱን ነው የምለው፣ ጣቴም ቀይዋ ምልክት ላይ ነበር። ግን ግድግዳው ሥር ሲነሱ ሰማኋቸው፣ ጉልበታቸው ሲንቋቋ ሳይሆን ትንፋሻቸው ሲያዝ፣ እህ ሲሉ፣ እንደ እሳቸው ያለ ሰው እህ የሚለው ሰው የማይሰማው ሲመስለው ነው። ስለዚህ አልዘጋሁትም። የሞተው ግራው ነው አልኩ፣ ሞተሩ በቀኙ ነው፣ በግራው የነበረው የእኔ ማጉያ ነው። ድምፅ ግራ ቀኝ አያውቅም ልጄ አሉ። ጥጡን ያስወጣሁት እኔ ነኝ አልኩ። በየማታው፣ ካላወጣህ አንጀምርም እያልኩ፣ እጄን ዘርግቼ እየተቀበልኩ፣ ሁለት ዓመት፣ እሱ አባባ ይቆጣሉ ሲለኝ አስቄበታለሁ። 

 

«የትኛውን ጥጥ?»

«ጠዋት ጠዋት የሚሰጡትን።»

«የት ታደርገው ነበር?»

«ሚዛኑ ላይ። በሩ አጠገብ።»

«አንተ?»

«እኔ።»

 ከዚያ ቀስ ብለው፣ ለእኔ ሳይሆን ለራሳቸው እንደሚያወሩ ሆነው ነገሩኝ። ያ ጥጥ የአገርነሽ ባዘቶ ነው አሉ፣ የሚስታቸው፣ የጦና እናት፣ ልትፈትለው አፍታታ ሳትፈትለው የሞተችው፣ አንድ ሙሉ ሙዳይ ቀርቶ ነበር፣ ለሌላ ፈታይ ልስጠው ቢሉ እጃቸው እንቢ አላቸው፣ እና ለልጇ ጆሮ ይሁን ብለው ከዚያ እየቆረሱ ነው የሚሰጡት። መጀመሪያ ቀን ሲሰጡት የእናትህ እጅ ነው ብለውታል። ኋላ አንድ ጠዋት ግን ወፍጮውን ሲከፍቱ ሚዛኑ ላይ ሁለቱን አገኟቸው፣ ጎን ለጎን፣ በማግስቱም፣ በማግስቱም።

«እኔ እንዳየው ብሎ የሚያስቀምጠው ነበር የመሰለኝ» አሉ። «ውሰድ፣ ያንተን ወፍጮ፣ ያንተን ጥጥ፣ አልፈልግም እንደማለት። በእናቱ ላይም ጨከነ አልኩ። መስጠቴን አልተውኩም፣ ማናገሩን ግን ተውኩት። ስድስት ዓመት ነው። አንድ ቤት ነው የምናድረው።»

 ይቅርታ ልል አፌን ከፈትኩ፣ የጀርመኗ አጭር ቃል ናት የመጣችልኝ፣ ዋጥኳት። ስለ ጆሮው ልናገር ነበር የደወልኩት፣ ከጆሮው ሌላ ምን እንደወሰድኩ አላወቅኩም ነበር፣ አራት ዓመት የቆጠርኩት ጥፋት ግማሹ ብቻ ነበር። ጦናም አያውቅም፣ አባቱ ለምን ዝም እንዳሉት አያውቅም፣ ከአፉ ቃል በመከራ ነው የሚወጣው፣ አባቱ ዝም ሲሉት እሱም ዝም ይላል፣ ይችላል። ዶክተሩ ከከለከለው ወዲህ ከሞተሩ ርቆ ደጃፉ ላይ ማዳበሪያ ያወርዳል።

እሳቸው መራመድ ጀመሩ። ስልኩን ይዘውት ይሁን ረስተውት አላውቅም፣ ጩኸቱ እየቀረበ መጣ፣ ወፍጮው፣ ሴቶቹ፣ አንዷ ወረፋዬ ነው ትላለች፣ ከዚያ የሞተሩ ዙር ቀነሰ፣ ድምፁ ወረደ፣ ወረደ፣ ቆመ። ቅዳሜ በስድስት ሰዓት፣ ወረፋ እስከ ደጃፍ ተሰልፎ፣ ጋሽ ኤርካሎ ሞተር አጠፉ። ሴቶቹ መብራት ሄደ ወይ እያሉ ናቸው። ጦና አሉ። ደግመው፣ ከፍ አድርገው፣ ጦና። ከዚያ በወላይትኛ ተናገሩ፣ እኔ የማይሰማኝ ቦታ ላይ ሆነው፣ ዝቅ ብለው፣ ረጅም ጊዜ፣ እኔ አልጋዬ ጫፍ ላይ ባዶ እግሬን ተቀምጬ ስልኩን በሁለት እጄ ይዤዋለሁ፣ ምን እንዳሉት አልሰማሁም፣ እንድሰማውም የተባለ አይደለም። የጦናን ድምፅ አንዴ ብቻ ሰማሁ፣ ጥያቄ ነበር። እሳቸው መለሱለት። ከዚያ የሁለቱም ድምፅ ጠፋና ከሴቶቹ አንዷ፣ አሮጊት መሰለችኝ፣ ተዉአቸው ተዉአቸው አለች፣ ሌሎቹን።

ስንት ደቂቃ እንደሆነ አላውቅም። ስልኩ ሲንኮሻኮሽ ሰማሁ።

«ትንሳኤ፣ አለህ?»

«አለሁ አባባ።»

«አንተን ምን እንደምልህ ገና አላወቅኩም። የተቆጣሁ ይመስለኛል፣ ግን ጊዜ የለኝም። ነገ ከቅዳሴ መልስ ደውል፣ ያኔ እነግርሃለሁ። አሁን ልብስ ልቀይር ነው፣ ልጄ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይጫወታል።»

ዘጉት።